«ሩቅ ኃላፊ» ወይስ «ቅድመ ኃላፊ»? የእንግሊዝኛው ፓስት ፐርፌክት በውጊያ ታሪክ ትርጉም ላይ

የውጊያ ታሪክ ከሌላው ታሪክ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም የድርጊቶቹ ቅደም ተከተል ራሱ ፍርድ መሆኑ ነው። ማን ቀድሞ ተኮሰ? ማፈግፈጉ የተጀመረው አዛዡ ከመሞቱ በፊት ነው ወይስ ከሞተ በኋላ? ምርኮኞቹ የተለቀቁት ምሽጉ ከመያዙ በፊት ነው ወይስ በመያዙ ምክንያት? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ጀግናውን ከፈሪው፣ በዳዩን ከተበዳዩ የሚለይ ስለ ሆነ፣ የውጊያ ታሪክ ጸሐፊ በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፍ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ሰዋስዋዊ መሣሪያዎች በጥንቃቄ ይይዛል። እንግሊዝኛ ለዚህ ተግባር ካሉት መሣሪያዎች ዋነኛው «ፓስት ፐርፌክት» የተባለው የግሥ ቅርጽ ነው፤ የሚሠራውም «ሃድ» የሚለውን ረዳት ግሥ ከዋናው ግሥ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር በማጣመር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ይህ ቅርጽ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚደርስበትን ነገር ነው። ከእንግሊዝኛ የተመለሱ የታሪክ ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው «ዘምቶ ነበር፤ ከብቦ ነበር፤ ተኩሶ ነበር፤ ሸሽቶ ነበር» እያለ የሚቀጥል፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ነበር» የሚደጋገምበት አጻጻፍ ያጋጥመዋል። ጉዳዩ የጆሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሥነ ጽሑፍ ሐያስያን በተውነው ነበር። ነገር ግን ልማዱ የታሪኩን ፍሬ ነገር እስከ መገልበጥ ይደርሳል፤ ምንጩም የተርጓሚዎች ስንፍና ሳይሆን በአብዛኛው በሰዋስው ትምህርት የተለመደ አንድ ስያሜ ነው ብለን እናምናለን። ስያሜው «የሩቅ ኃላፊ ጊዜ» የሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚቀርቡት የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ለማስረጃ እኛው ያዘጋጀናቸው ናቸው፤ የምንተቸው ልማዱን እንጂ የአንድን ተርጓሚ ሥራ አይደለምና።

1. የእንግሊዝኛው ቅርጽ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1066 በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ንጉሥ ሃሮልድ ሴፕቴምበር 25 ቀን በስታምፎርድ ብሪጅ የኖርዌይን ወራሪ ጦር ድል አደረገ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን፣ የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በደቡብ በኩል በፔቨንሲ የባሕር ዳርቻ ከነሠራዊቱ ወረደ። ኦክቶበር 14 ቀን ሁለቱ በሄስቲንግስ ተዋጉ፤ ሃሮልድም በዚያው ወደቀ። እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ ትረካውን ከሄስቲንግስ ጧት ቢጀምርና ወደ ኋላ ተመልሶ የስታምፎርድ ብሪጁን ድል ቢያነሣ፣ ያን ድል በሚናገርበት ግሥ ላይ «ሃድ» ይጨምራል። በሁለቱ ውጊያዎች መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ ከእኛ ዘመን ግን ሁለቱም ከ950 ዓመት በላይ ይርቃሉ። የግሡን ቅርጽ የሚወስነው ርቀት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ውጊያዎች «ሃድ» ባስፈለጋቸው ነበር። የሚያስፈልገው ግን ለአንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ትረካው ከቆመበት ነጥብ በስተኋላ ላለው።

ይህን የቋንቋ ሊቃውንት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ አስረድተውታል። ኦቶ የስፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1924 በታተመው የሰዋስው ፍልስፍና መጽሐፉ ለዚህ ቅርጽ የሰጠው ስያሜ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ከኃላፊ በፊት ያለ» እንደ ማለት ነው። ሃንስ ራይሸንባኽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው የሥነ አመክንዮ መጽሐፍ የግሥ ጊዜያትን በሦስት ነጥቦች ተነተነ፤ እነርሱም ንግግሩ የሚነገርበት ጊዜ፣ ድርጊቱ የሆነበት ጊዜ፣ እንዲሁም ተናጋሪው ቆሞ ድርጊቱን የሚያይበት ጊዜ ናቸው። ሦስተኛውን እኛ «መቆሚያ» እንበለው። በተራው ኃላፊ ጊዜ ድርጊቱና መቆሚያው አንድ ላይ ይውላሉ፤ በፓስት ፐርፌክት ግን ድርጊቱ ከመቆሚያው ይቀድማል፣ መቆሚያው ደግሞ ከንግግሩ ይቀድማል። እንግዲህ ቅርጹ የሚለካው በዓመታት ርዝመት ሳይሆን በሁለት ኃላፊ ነጥቦች መካከል ባለው መቀዳደም ነው።

ከዚህም ጋር አንድ የአጻጻፍ ልማድ መታወቅ አለበት። እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ረዘም ያለ ታሪክ በሚተርኩበት ጊዜ «ሃድ»ን በመጀመሪያው ወይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ግሦች ላይ ብቻ አድርገው፣ አንባቢው መቆሚያው መዛወሩን ከተረዳ በኋላ ወደ ተራው ኃላፊ ይመለሳሉ። ወደ ዋናው ትረካ ሲመለሱም መመለሳቸውን የሚያመለክት ቃል ወይም ቀን ይጨምራሉ። በዚህ አኳኋን «ሃድ» መግቢያውን በር የሚያመለክት ምልክት እንጂ በቤቱ ውስጥ ባለው ዕቃ ሁሉ ላይ የሚለጠፍ አይደለም።

2. የስያሜው ነገር

በትምህርት ቤት የሰዋስው ማስተማሪያዎች «ሄዷል» የቅርብ ኃላፊ፣ «ሄዶ ነበር» የሩቅ ኃላፊ እየተባለ ሲሰጥ ቆይቷል። ተማሪው እንግሊዝኛ በሚማርበት ክፍልም ፓስት ፐርፌክት ማለት «ሩቅ ኃላፊ» ነው ተብሎ ይነገረዋል። ሁለቱ ቅርጾች በዚህ ስያሜ ድልድይነት ይገናኙና፣ ከዚያ በኋላ «ሃድ» ባለበት ሁሉ «ነበር» የግድ ይመስለዋል። ከዚህም አልፎ፣ ውጊያው የተደረገው ከመቶ ዓመት በፊት ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ተራ ኃላፊ ባለበት ቦታ እንኳ «ሩቅ ነውና» በማለት «ነበር»ን የሚጨምር ተርጓሚ አይታጣም።

ስያሜው ግን የአማርኛውንም ቅርጽ በትክክል አይገልጽም። «ዛሬ ጧት ስትደውልልኝ ከቤት ወጥቼ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚናገረው ከጥቂት ሰዓታት በፊት የሆነን ነገር ነው፤ በስያሜው መሠረት ግን «ሩቅ» ነው። «ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆሩ» የሚለው ከ380 ዓመት በላይ ያለፈውን ነገር ያለ «ነበር» ይናገራል። «አክሱማውያን ታላላቅ ሐውልቶችን አቁመዋል» ስንል ደግሞ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት የበለጠውን ድርጊት «ቅርብ» በተባለው ቅርጽ እንናገራለን፤ ይህም ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ ሐውልቶቹ ዛሬም ይታያሉና። እንግዲህ በአማርኛም ቢሆን ርቀትና ቅርበት የሚሉት ቃላት ከቅርጾቹ ሥራ ጋር አይገጥሙም። «አቁመዋል» የሚለው የድርጊቱ ውጤት እስከ ተናጋሪው ጊዜ መድረሱን፣ «ወጥቼ ነበር» የሚለው ደግሞ ድርጊቱ ከሌላ ኃላፊ ነጥብ መቅደሙን ወይም ውጤቱ በዚያው በኃላፊው ዘመን መቅረቱን ያመለክታሉ።

3. «ነበር» የሚሸከመው ትርጉም

የአማርኛው «ሄዶ ነበር» ከእንግሊዝኛው ቅርጽ ጋር በአንድ ወገን ይገናኛል፤ መቆሚያው በግልጽ ሲሰጥ። «እኔ ስደርስ እርሱ ሄዶ ነበር» ሲባል መቆሚያው የእኔ መድረስ ነው፤ የእርሱ መሄድ ከዚያ ይቀድማል። በዚህ ቦታ «ነበር» ተገቢና አስፈላጊ ነው፤ «እኔ ስደርስ እርሱ ሄደ» ብንል መሄዱ መድረሴን ተከትሎ የመጣ ይሆናልና።

መቆሚያው ሳይሰጥ ሲቀር ግን ቅርጹ ሌላ መልእክት ያስተላልፋል። «ወንድሜ ጎንደር ሄዶ ነበር» የሚለውን የሚሰማ ሰው ወንድምየው ተመልሷል ብሎ ይረዳል። «በሩን ከፍቼው ነበር» ሲባል በሩ አሁን ተዘግቷል ወይም የሆነ ነገር ከልክሎታል ማለት ነው፤ ሰሚውም «ነገር ግን» የሚለውን ይጠብቃል። ይህ የመሻር ስሜት በእንግሊዝኛው «ሃድ» ውስጥ የግድ የለም። ስለዚህ እንግሊዛዊው ጸሐፊ «ጦሩ ተራራውን ይዞ ነበር» የሚል ፍቺ ያለው ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ፣ መያዙ ከሚተርከው ነጥብ መቅደሙን ብቻ ሲናገር፣ አማርኛው አንባቢ «ታዲያ መቼ ለቀቀው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በሚቀጥለው ገጽ ሲፈልግ አያገኘውም፤ ጦሩ አልለቀቀምና። ተርጓሚው ያልተደረገ ሽንፈት ፈጥሯል ማለት ነው።

አማርኛ በበኩሉ ቅደም ተከተልን ለማመልከት የራሱ ብዙ መሣሪያ አለው። ቦዝ አንቀጽ ያለ ምንም ረዳት ግሥ መቀዳደምን ያሳያል፤ «ክተት ብሎ፣ ተራራውን ይዞ፣ ጠላቱን ከቦ ድል አደረገ» ስንል እያንዳንዱ ቦዝ ከሚቀጥለው ይቀድማል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች፣ ለምሳሌ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ፣ የዘመቻን ታሪክ የተረኩት ከሁሉ ይልቅ በዚህ የቦዝ ሰንሰለትና በቀን ቈጠራ ነው። ከዚህም ሌላ «ከ...በኋላ»፣ «ሳይ...»፣ «አስቀድሞ»፣ «ቀደም ሲል» የሚሉት አሉ፤ የ«የ» ዘርፍ ያለው ግሥ አለ፤ «...የ...ው ከ...በኋላ ነው» የሚለው የአጽንዖት አገባብ አለ። የተርጓሚው ሥራ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ነው። ምርጫው ምን ያህል ክብደት እንዳለው በሦስት የታወቁ ጉዳዮች እናሳይ።

4. መቅደላ፤ ከመያዙ በፊት ወይስ በመያዙ?

በሰር ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ተብሎ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ስፍራ ውጊያ ሆነ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት አውሮፓውያኑ እስረኞች ተለቀው ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር ወረዱ። ጦሩ አምባውን በኃይል የያዘው ግን ሚያዝያ 6 ቀን ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያ ዕለት በገዛ እጃቸው ሞቱ። ይህን የሚተርክ እንግሊዛዊ ጸሐፊ የአምባውን መያዝ መቆሚያ ካደረገ፣ የእስረኞቹን መለቀቅ በ«ሃድ» ይናገራል። በዚያች አንዲት ረዳት ግሥ ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ የዘመቻው ምክንያት የተባሉት ሰዎች ከተለቀቁ ጦሩ አምባውን ለምን ወረረ?

አማርኛው በአራት መንገድ ሊሄድ ይችላል፤

ሀ. ጦሩ መቅደላን ሲወር እስረኞቹ ተለቀቁ።
ለ. ጦሩ መቅደላን በወረረ ጊዜ እስረኞቹ ተለቀው ነበር።
ሐ. እስረኞቹ ተለቀው ጦሩ መቅደላን ወረረ።
መ. ጦሩ መቅደላን የወረረው እስረኞቹ ከተለቀቁ በኋላ ነው።

«ሀ» ታሪኩን ይገለብጠዋል፤ እስረኞቹ በወረራው ምክንያት ነጻ የወጡ ይመስላል፤ ጥያቄውም ይጠፋል። «ነበር» በዝቷል ተብሎ የተወቀሰ ተርጓሚ ከወቀሳው ለማምለጥ ሲል የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። «ለ» ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል፤ መቆሚያው በግልጽ ስለ ተሰጠ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ብቻውን ከቆመ «ተለቀው ነበር፤ በኋላ ግን ተመልሰው ታሰሩ» ለሚል ግምት በር ይከፍታል፤ «አስቀድመው» የሚል ቃል ቢጨመርበት በሩ ይዘጋል። በ«ሐ» የሁለቱ ግሦች ባለቤቶች የተለያዩ በመሆናቸው ቦዙ የሚያሳየው መቀዳደም ይደክማል፤ የመለቀቃቸው ነገር ከወረራው ጋር በአጋጣሚ የተጠቀሰ ያህል ይሆናል። «መ» ግን «ሃድ» የተሸከመውን ነገር ሙሉ በሙሉ ያወጣዋል፤ አጽንዖቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነውና አንባቢው ያለ ማንም ረዳትነት ጥያቄውን ራሱ ይጠይቃል። ቅርጹ ከእንግሊዝኛው ጋር በምንም አይመሳሰልም፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

5. ዓድዋ፤ አልፎ ነበር ወይስ አልፎ ኖሯል?

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የኢጣልያው አዛዥ ባራቲየሪ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ ያንቀሳቅስ ነበር። በግራ በኩል የሄደው የአልቤርቶኔ ብርጌድ ነው። ባራቲየሪ ባዘጋጀው ካርታ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታ አንድ ነው፤ የአካባቢው ሰው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ደግሞ ወደ ዓድዋ ዘልቆ የሚገኝ ሌላ። አልቤርቶኔ ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት በመገስገሡ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተለይቶ ብቻውን ቀረ፤ ብርጌዱ ተሰበረ፤ እርሱም ተማረከ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይህን ሲተርኩ መቆሚያቸውን ባራቲየሪ ሁኔታውን በተረዳበት ሰዓት ላይ አድርገው፣ ብርጌዱ በካርታው ላይ ያለውን ኮረብታ ማለፉን በ«ሃድ» መናገራቸው የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛ የማይለየውን አማርኛ ይለያል። «ባራቲየሪ ሲደርስ ብርጌዱ ኮረብታውን አልፎ ነበር» ስንል የምንናገረው ሁሉን እንደሚያውቅ ተራኪ ሆነን ነው። «ባራቲየሪ ሲደርስ ለካ ብርጌዱ ኮረብታውን አልፎ ኖሯል» ስንል ግን ነገሩ ለባራቲየሪ የተገለጠበትን ቅጽበት እናሳያለን፤ ድርጊቱ ቀድሞ መደረጉን ብቻ ሳይሆን የታወቀው ዘግይቶ መሆኑን ጭምር እንናገራለን። ያን ቀን ለጠላት ጦር መፍረስ አንዱ ምክንያት ድርጊቱ ከዕውቀቱ መቅደሙ ነውና፣ «ኖሯል» የታሪኩን ምክንያት በአንድ ቃል ይሰጣል። «ሃድ» ሁሉ «ነበር» ነው የሚለው ተርጓሚ ይህን በእጁ ያለውን ሀብት ሳይነካው ያልፋል። እርግጥ «ኖሯል» የጽሑፍ ሳይሆን የአፍ ትረካ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ጸሐፊው የአንድን ሰው ዘግይቶ መረዳት በሚተርክበት ቦታ ሁሉ ለጽሑፍም ይገባል እንላለን፤ ከዚያ ውጭ ግን ጸሐፊው ራሱ የተገረመ እንዳይመስል መቈጠብ ያሻል።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ወደ ኋላ የሚመለሱ ትረካዎችም አሉ። ከዓድዋ በፊት ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ውጊያ ሆኖ ሜጀር ቶዜሊ ተገደለ፤ ከዚያም የመቐለ ምሽግ ተከበበ፤ አዛዡ ጋሊያኖም በስምምነት ምሽጉን ለቆ ወጣ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ከዓድዋው ሌሊት ወደ እነዚህ ሲመለስ በሩን በ«ሃድ» ይከፍታል። በአማርኛ ግን «ከሦስት ወር በፊት፣ ኅዳር 28 ቀን» ካልን በሩ ተከፍቷል፤ ከዚያ በኋላ «ተገደለ፣ ተከበበ፣ ለቆ ወጣ» ማለት ይበቃል፤ ሲያበቃም «ወደ የካቲት 23 ሌሊት ስንመለስ» ብሎ መዝጋት ነው። ጋሊያኖ በኋላ በዓድዋ መሞቱን ለመናገርም «መቐለን ለቆ የወጣው ጋሊያኖ ዓድዋ ላይ ሞተ» ማለት በቂ ነው፤ የ«የ» ዘርፉ መቀዳደሙን ይዞታልና «ለቆ ወጥቶ የነበረው» ማለት ትርፍ ጭነት ነው።

አንድ የተለየ ወጥመድም እዚህ ላይ እናመልክት። እንግሊዝኛ «ሃድ»ን በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ በማስቀደም «ቢሆን ኖሮ»ን ይገልጻል፤ የ«ኢፍ» ምልክት ሳይኖር ማለት ነው። አልቤርቶኔ በካርታው ላይ ባለው ኮረብታ ቢቆም ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር የሚያወራ ዐረፍተ ነገር በዚህ አኳኋን ሲጻፍ፣ የችኰላ ተርጓሚ «አልቤርቶኔ ቆሞ ነበር» ሊለው ይችላል። ያልሆነው እንደ ሆነ ይጻፋል ማለት ነው። የዚህ ትክክለኛ አቻ «ቢቆም ኖሮ ... በሆነ ነበር» ብቻ ነው፤ በውጊያ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ መላ ምት ብዙ ስለሚገኝ ተርጓሚው ሁልጊዜ ሊጠራጠረው ይገባል።

6. አርበኞች፤ ተዋግተው ነበር ወይስ ሲዋጉ ነበር?

የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማይቱ የተመለሱትም በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት አምስት ዓመታት አርበኞች በየዱሩና በየገደሉ ተዋጉ። በእንግሊዝኛ የ1933ን ድል የሚተርክ ጸሐፊ ይህን ረጅም ትግል የሚያስገባው «ሃድ ቢን» በሚል ረዳት፣ ማለትም በፓስት ፐርፌክቱ የቀጣይነት ቅርጽ ነው፤ ትግሉ ከመቆሚያው በፊት ጀምሮ እስከ መቆሚያው መድረሱን ያሳያል።

ይህ በ«ሩቅ ኃላፊ» ሲመለስ «አርበኞቹ አምስት ዓመት ተዋግተው ነበር» ይሆናል። ቀደም ብለን እንዳሳየነው ይህ ቅርጽ መቆሚያው ጎልቶ ካልተሰጠ ድርጊቱ በኃላፊው ዘመን ማብቃቱን ያሳስባል። አንባቢው አርበኞቹ አስቀድመው የተዋጉ፣ ድሉ ሲመጣ ግን ያልነበሩ አድርጎ ይረዳል፤ የድሉ ባለቤትም ከውጭ የገባው ጦር ብቻ ይሆናል። ማንም ተርጓሚ ይህን ለማለት አስቦ እንዳልጻፈ እናውቃለን፤ ጽሑፉ ግን ይላል። አማርኛው ሊል የሚገባው «ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አርበኞቹ ውጊያ ከጀመሩ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር»፣ ወይም «አርበኞቹ አምስት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጡ ሲዋጉ ቆይተው ለዚያች ቀን በቁ» ነው። በመጀመሪያው ውስጥ «ነበር» አለ፤ ነገር ግን የተቀመጠው በዓመቱ ቁጥር ላይ እንጂ በውጊያው ላይ አይደለም፤ ስለዚህ የሚያበቃ ነገር የለም።

7. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ለአንድ የውጭ ቅርጽ አንድ የአማርኛ አቻ መስጠት ለትርጉም ታማኝነት ይበጃል፤ አንባቢም የጸሐፊውን አካሄድ በትክክል ይከተላል የሚል ክርክር መኖሩን እናውቃለን። ክርክሩ በሕግና በውል ትርጉም ረገድ ዋጋ አለው፤ በዚያ አንድ ቃል በሁሉ ቦታ በአንድ ቃል መመለስ አለበትና። ግሥ ግን ስያሜ አይደለም፤ ዋጋው የሚታወቀው በአጠገቡ ካሉት ግሦች ጋር ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሆነውን ብናይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1976 አሳትመዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ማንም ሰው የአማርኛውን ቦዝ አንዳንድ ጊዜ በ«ሃድ»፣ አንዳንድ ጊዜ በተራው ኃላፊ፣ አንዳንድ ጊዜም በሌላ አገባብ መመለስ ግዴታው ነው። ለአንድ ቦዝ አንድ የእንግሊዝኛ አቻ ይኑር የሚል እንግሊዛዊ የለም። እኛም ለእነርሱ የፈቀድነውን ለራሳችን ብንነፍግ አግባብ አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፤ የድርጊቶቹን ተራ አስተካክሎ በሆኑበት ቅደም ተከተል መተረክ ይሻላል፤ ያን ጊዜ «ነበር» ጨርሶ አያስፈልግም የሚል። ይህንንም አንቀበለውም። የታሪክ ጸሐፊ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ የሚመለሰው በምክንያት ነው፤ ሄስቲንግስን አስቀድሞ ስታምፎርድ ብሪጅን በኋላ የሚያነሣው የሃሮልድን ጦር ድካም ለማስረዳት ነው። ተራውን ያስተካከለ ተርጓሚ ክንውኑን ይጠብቃል፤ መከራከሪያውን ግን ያጠፋዋል። የሚፈለገው ተራውን ሳይነኩ ምልክቱን መለወጥ ነው።

8. የምናቀርበው ሐሳብ

በመጀመሪያ፣ ፓስት ፐርፌክትን «ሩቅ ኃላፊ» ማለት ቢቀር እንመርጣለን። በምትኩ «ቀዳሚ ኃላፊ» የሚለው ስያሜ ወደ አእምሮ ይመጣል፤ ነገር ግን በግእዝ ሰዋስው «ቀዳማይ አንቀጽ» የሚለው ስያሜ ተራውን ኃላፊ ግሥ ለመጥራት ስለሚያገለግል፣ ሁለቱ በድምፅም በትርጉምም መቀራረባቸው ሌላ መደናገር ያመጣል። ስለዚህ «ቅድመ ኃላፊ» የሚለውን እናቀርባለን። «ቅድመ» የሚለው ቃል በዚህ አገባብ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «ቅድመ አያት» እንላለን። አንድ ሰው ቅድመ አያት የሚባለው ዕድሜው ስለ ረዘመ ሳይሆን ከአያት በስተኋላ ስለ ቆመ ነው፤ አያት ከሌለ ቅድመ አያት የለም። ቅድመ ኃላፊም እንዲሁ ከጎኑ ኃላፊ ከሌለ ሊቆም የማይችል ጊዜ ነው። ተማሪው ይህን ስያሜ ሲሰማ የሚጠይቀው «ስንት ዓመት ሆነው?» ብሎ ሳይሆን «ከምን በፊት?» ብሎ ነው፤ ተርጓሚም ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ«ሃድ» ሥር «ነበር» ብቻ ብለው ባያልፉ መልካም ነው። መቆሚያው በተሰጠበት ቦታ «-ኦ ነበር»፣ ባለቤቱ አንድ ሲሆን ቦዝ፣ ቅደም ተከተሉ የክርክሩ ማዕከል ሲሆን «የ...ው ከ...በኋላ ነው»፣ ዘግይቶ ለታወቀ ነገር «-ኦ ኖሯል»፣ ላልሆነ ነገር «ቢ...ኖሮ»፣ ለቀጠለ ትግል «ሲ...ቆይቶ» የሚሉትን በየምሳሌያቸው ቢሰጡ ተጠቃሚው የሚመርጠው ነገር ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ተርጓሚው የውጊያ ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት የክንውኖቹን ቀንና ሰዓት በተራ በአንድ ወረቀት ላይ ቢያሰፍርና ትርጉሙን ሲጨርስ ከዚያ ጋር ቢያስተያይ፣ አብዛኛው ስሕተት ከማተሚያ ቤት በፊት ይያዛል። ያን ወረቀት ይዞ የሚያስተያይ ሰው የመቅደላ እስረኞች ሚያዝያ 6 ቀን የት እንደ ነበሩ ያውቃል፤ የዓድዋው ብርጌድ ተመልሶ እንዳልመጣ ያውቃል፤ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አርበኞቹ ገና በውጊያ ላይ እንደ ነበሩም ያውቃል። ይህን ካወቀ የግሡን ቅርጽ ለመምረጥ የሚያስፈልገው አማርኛ በአፉ ውስጥ አለ።